በኑማ ወሬ አይደበቅም

መሰለች ጥቁር ልብሷን የምትለብሰው በሰው ቤት ነው። ጠዋት አበባ ያለባትን ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደህና ሰው መስላ ከቤቷ ትወጣና መንገዱን ተሻግራ ጎረቤቷ ሠርካዲስ ቤት ትገባለች። እዚያ በሩ ይዘጋና ጥቁሩን ትለብሳለች፤ ትቀመጣለች፤ ታለቅሳለች። ሲበቃት፣ መቼስ አይበቃትም፣ ብቻ ሰዓቱ ሲደርስ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ፣ ጥቁሩን አውልቃ፣ አበባውን መልሳ ለብሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቤት ውስጥ አራስ አለች። አራሷ ልጇ ኑኃሚን ናት። የሞተው ደግሞ የኑኃሚን ወንድም ማኑ ነው፤ ኑኃሚን ግን አታውቅም።

እንዴት አታውቅም ትሉ ይሆናል። የጌጃ ሰፈርን ሰው አታውቁትማ! ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ማን ምን ገዛ የሚለውን አፉ ላይ ማሳደር የማይችል ሰው፣ መርዶ ሲሆን ግን ድንጋይ ነው። አራስ መርዶ አይነገራትም። ደንግጣ ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኗ ትጎዳለች፤ ይህን ትልቁም ትንሹም ያውቀዋል። ስለዚህ ድንኳኑ የተተከለው ሰንጋ ተራ፣ የማኑ አጎት በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ያ ድምፁ ሬሳ የሚቀሰቅስ ሰውዬ፣ እዚህ ሰፈር ሲደርስ ጥሩምባውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ቤት ለቤት እየዞረ በጆሮ ነገረ። ሊጠይቅ የሚመጣውም ሁሉ ደጃፍ ላይ እንባውን ይጠርግና ገብቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይላል። ገንፎውን ይቀምሳል፣ ሕፃኗን ያያል፣ «ቁርጥ አጎቷን» ሊል አፉን ይከፍትና ከገንፎው ጋር ይውጠዋል።

ሕፃኗ ወንድ ብትሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር። ሴት ሆነችና ሰማንያ ቀን መታገሥ ግድ ሆነ። መርዶውን ከክርስትናው ማግስት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌዎች ገብተው እንዲነግሯት ተቆረጠ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባለ። የመሰለች ሆድ ግን ምን ያህል እንደሚችል የጠየቀ አልነበረም።

መሰለች ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ልደታ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች። የተካሰሰውን፣ የተፋታውን፣ ወራሽ ነኝ ብሎ የመጣውን፣ የሁሉንም ቃል መትታለች፤ መጀመሪያ በታይፕራይተር፣ ኋላ በኮምፒውተር። ጣቷ ከሰው አፍ ይፈጥናል ይባልላት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን የራሷ የሆነ አንድ መስመር አልጻፈችም። ሥራዋ ሌላው ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ማስፈር ነውና፣ ዳኛ ሲፈርም፣ ምስክር ሲፈርም፣ የእሷ ስም የትም ሳይገባ ወረቀቱ ይወጣል። ቅር ብሏትም አያውቅም። የእኔን ቃል ማን ፈልጎት ትል ነበር።

ባሏ ሰላሁን ሁመራ ለሥራ ሄዶ በወባ ሲሞት ማኑ አምስተኛ፣ ኑኃሚን ሦስተኛ ክፍል ነበሩ። የዓመቱ ፈተና ላይ ናቸው፣ ይጨርሱ ተባለ። መሰለች ያኔም ቻለችው። እየሳቀች ሻይ አቀረበችላቸው፣ እየሳቀች ደብተራቸውን አየችላቸው፤ ፈተናው ባለቀ ማግስት ሽማግሌዎች ገብተው ነገሯቸው። ልጆቹ አለቀሱ። እሷም እሰይ፣ ቢያንስ ከፈተናቸው አላስተጓጎልኳቸውም ብላ ተጽናናች።

ልጆቹ ዓለም መሥራት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። እሷ ከቢሮ የምታመጣውን የተበላሸ ወረቀት ይገለብጡና ጀርባው ላይ ክብ ይስላሉ፤ በክቡ ውስጥ ባሕርና ተራራ ያስገባሉ፤ ሰዎች ያሰፍሩበታል። የሁለቱን ስም ቆርጠው ገጣጠሙና ኑማ ብለው ሰየሟት። መሰለች የልጅ ጨዋታ ነው ብላ ተወቻቸው። ጨዋታው ግን አላለቀም! ማኑ አድጎ ቀያሽ ሆነ፣ ኑኃሚን ፋርማሲ ገባች፣ አስፋውንም አገባች፤ ኑማ ግን አለች። እንዲያውም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተዛወረች። ሰው በሐሳቡ የፈጠረውን ፕላኔት የሚሠራበት ድረ ገጽ አለ አሉ። አህጉሩን ትስላለህ፣ ወንዙን ታፈሳለህ፣ ጨረቃ ሁለት ካማረህ ሁለት ትሰጣለህ፤ ለየከተማው ገጽ ከፍተህ የሰዉን ኑሮና ሕግ ትጽፋለህ። ካርታውን የምትስለው ኑኃሚን ናት። ቀያሹ ማኑ «ስለካ ውዬ ማታ ደግሞ መስመር? አይደረግም!» ብሎ ጽሑፉን ያዘ። «ይፋ ይሁን» የምትለዋን ቁልፍ እስኪጫኑ ድረስ ከሁለቱ በቀር ኑማን ማንም አያያትም። ገና ናት፣ ይቺ ቀርታለች እያሉ ዓመታት አለፉ።

ሕፃኗ ማዕዛ ስትወለድ ማኑ መንገድ ከሚሠራበት ከቦረና ደወለ። «ለክርስትናዋ እመጣለሁ! ኑማንም ያን ቀን እንለቃታለን፤ የማዕዛ ስጦታ ትሁን። አንዲት ገጽ ብቻ ናት የቀረችኝ» አለ። ሳምንት ሳይሞላው የነበረበት መኪና ተገለበጠ።

የማኑ ዕቃ ተሰብስቦ ሲመጣ በሠርካዲስ አልጋ ሥር ተደበቀ። ኑኃሚን ወንድሟን ባነሳች ቁጥር «በረሃ ገብቷል፣ ኔትወርክ የለም» ይሏታል። መጀመሪያ አመነች። ኋላ ግን «ማኑ እንዲህ አይጠፋም። ለእኔ እንኳን ቢጠፋ ለማዕዛ አይጠፋም» ማለት ጀመረች። ገንፎውም አልወርድ አላት። አልጋዋ ላይ ሆና ስልኳን አሥር ጊዜ እያነሳች ታያለች።

አንድ ቀን የመሰለች አማች አስፋው ሠርካዲስ ቤት መጣና የማኑን ላፕቶፕ ከአልጋ ሥር አውጥቶ ከፈተው። ኑማ ስትከፈት እንደተተወች ብቅ አለች። በጎን በኩል ኑኃሚን የላከቻቸው መልእክቶች ተደርድረዋል፦ የት ጠፋህ፣ ምነው ዝም አልክ፣ አሁን እኮ እየተናደድኩ ነው።

«እማማ» አለ አስፋው አንገቱን ደፍቶ፣ «አንድ ቃል ቢደርሳት ትረጋጋ ነበር። እኔ ብጽፍ ታውቅብኛለች። እርስዎ ግን ዕድሜዎን ሁሉ የሰው ቃል ሲጽፉ ነው የኖሩት።»

መሰለች በእግዚአብሔር ስም ብላ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ያ የፈረደበት ጣቷ ሄደ። «ለእህቴ ለኑኃሚን፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። በኔትወርክ እጦት ምክንያት መልስ ለመስጠት ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ላከችው። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ምን ሆነሃል? ማመልከቻ ነው እንዴ የምታስገባልኝ? እማዬን መሰልክ እኮ!»

አወይ መሰለች! ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። አስፋው እንኳን በዚያ ሐዘን መሃል ፈገግ ሊል ነበርና አፉን ያዘ። እሷ ግን ሥራ ያበላሸች መስሏት ደነገጠች። ልጇ የጻፋቸውን የድሮ መልእክቶች ከላይ እስከታች አነበበች፤ እህቱን እንዴት እንደሚጠራት፣ እንዴት እንደሚቀልድባት፣ የት ላይ እንደሚያሳጥር። ማኑ እህቱን «ጀለሴ» ነው የሚላት። መሰለች ይህን ቃል የታክሲ ረዳት ሲለው ስትሰማ ትቆጣ ነበር። አሁን ፊደሉን እየለቀመች፣ እያለቀሰች መታችው። «ጀለሴ፣ ፀሐይ መትቶኝ ነው። ልጅቷስ? ጥርስ አወጣች?»

ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ኑኃሚን ገንፎውን ጨርሳ ጠበቀቻት። «እማዬ፣ ማኑ ጻፈልኝ! ማዕዛ ጥርስ አወጣች ወይ ይላል፣ ሞኝ!» ብላ ሳቀች። መሰለች አብራት ሳቀች። ሌላ ምን ታድርግ?

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሠርካዲስ ቤት ጥቁሩን ለብሳ ላፕቶፑ ፊት መቀመጥ ሆነ። ኑኃሚን የሳለችውን ትልካለች፦ ይሄን የገበያ ከተማ ጻፍልኝ፤ ዝናቡ ወደላይ የሚዘንብበትን ሸለቆ ጻፍልኝ። መሰለችም በማኑ አፍ ትጽፋለች። ገበያውን ጻፈች፤ ሸለቆውን ጻፈች። እንደሱ ትቀልዳለች፣ እንደሱ ታሾፋለች። ስትጽፍ ልጇ አጠገቧ ያለ ይመስላታል፤ እንዲያውም የዚያች ሰዓት ደስታ እያሳፈራት መጣ። ልጇን ቀብራ አፉን መማሯ! በቁሙ ሳለ እኮ አንዲት ገጽ አንብቢልኝ ሲላት «ኋላ፣ ወጥ ያርርብኛል» ስትል ነው የኖረችው።

ከዕለታት አንድ ቀን የኑማን የመጀመሪያ ገጽ ከፈተች። ማኑ ነው የጻፈው። እንዲህ ይላል፦

«ኑማ የተፈጠረችው የአባታችንን ሞት ሱቅ በር ላይ በሰማን ቀን ነው። ዳቦ ልንገዛ ሄደን አንዲት የሰፈር ልጅ 'አባታቸው የሞተው እናንተ ናችሁ አይደል?' አለችን። ቤት ስንገባ እማዬ እየሳቀች ሻይ አቀረበችልን። ስለዚህ እኛም ሳቅን። እማዬ እንዳታዝን ብለን ፈተናው እስኪያልቅ እንዳላወቀ ሰው ሆንን። ሽማግሌዎቹ ሲነግሩን እንደ አዲስ አለቀስን።»

መሰለች ደግማ አነበበችው። ያን ሰሞን ልጆቹ ምሳ ይተርፋቸው እንደነበር አስታወሰች፤ የፈተና ጭንቀት ነው ብላ ነበር። ማኑ ማታ ማታ እህቱን አቅፎ ይተኛ ነበር፤ ፍቅራቸው ነው ብላ ነበር። የገዛ ልጆቿ፣ እነዚያ ጨቅላዎች፣ እሷን ሲደብቋት፣ እሷ ደግሞ እነሱን ስትደብቅ፣ ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ሲስቁ! «ኧረ እኔን! ኧረ እኔን ያስቀድመኝ!» እያለች ደረቷን ስትመታ ሠርካዲስ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ያዘቻት።

ማኑ ቀርታኛለች ያላትን ገጽ ያገኘቻትም ያን ቀን ነው። ርእሷ «በኑማ ወሬ አይደበቅም» ይላል። ከሥሩ ማኑ የጻፈው ይህን ብቻ ነው፦ «በኑማ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚነግረው ሰው»። እዚያ ላይ ቆሟል። ምን ሊል እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ኑኃሚን የምትጠይቀውም ይህችኑ ሆነ። «የሕጓን ገጽ ጨርሳት። እሷ ከሌለች ኑማ ኑማ አይደለችም። አንተ ሳትጨርሳት አልለቃትም፣ ብትፈልግ እንጣላ!» ብላ ጻፈች።

«ልነግራት ነው» አለች መሰለች።

«አብደሻል?» አለች ሠርካዲስ። «ወተቷስ? ሕፃኗስ? ይህን ያህል ታግሠሽ አሁን ጥቂት ሲቀረው! ደግሞስ መርዶ የምትነግር እናት የት አየሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ አባታቸው ሲሞትም ብሎ ነበር።»

«ያኔ ምን ሆኑብሽ? ልጆችሽ አድገው ለወግ ለማዕረግ በቁ!»

ሠርካዲስ ክፉ አይደለችም፤ በራሷ ቤት የሰው ሐዘን ተሸክማ የምትውል ሴት ናት። የምትለውም የሚፈራ ነገር ነው። መሰለች ላፕቶፑን ዘግታ ሄደች፤ ለቀናትም አልከፈተችውም። ኑኃሚን እንደገና ዝም አለች፤ እንደገና ስልኳን ማየት ጀመረች። ማዕዛን ታጠባና ዓይኗ ደጅ ደጁን ይላል። መሰለች ያንን ዓይን ታውቀዋለች። ሻይ ስታቀርብላቸው ሁለቱ ልጆች ያዩአት በዚያ ዓይን ነበር፤ ያኔ አላወቀችውም እንጂ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሠርካዲስ ገበያ በወጣችበት ገባችና የልጇን ጅምር ጨረሰችው። እንደ ማኑ ለመጻፍ አልሞከረችም። «እናት ናት። በቀን፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ እጃቸውን ይዛ ትነግራቸዋለች። ጎረቤት የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው።» ላከችው። ጥቁሩን አውልቃ አበባውን ለበሰች፤ ልማድ ሆኖባት ፊቷን ታጠበች። መንገዱን ተሻገረች።

ኑኃሚን አልጋዋ ላይ ነበረች፤ ማዕዛ ጠብታ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ እግሯ ላይ አርፋለች። «እማዬ ነይ! ማኑ ጨረሳት!» አለች በሹክሹክታ፣ ልጅቷን እንዳትቀሰቅስ። «ስሚ ልጅሽን፦ በኑማ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚነግረው ሰው እናት ናት። በቀን፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ...»

መሰለች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። የልጇን እጅ ያዘች።

ኑኃሚን «እጃቸውን ይዛ» የሚለውን አነበበችና ቆመች። የተያዘ እጇን አየች። ስልኩን አየች። የእናቷን ፊት አየች።

«እማዬ?»

«አዎ ልጄ። ማኑ ሞቷል።»

ኑኃሚን አልጮኸችም። «መቼ?» አለች።

«ማዕዛ በተወለደች በሳምንቷ። መኪና ተገልብጦ።»

«አይደለም! ይሄው ጻፈልኝ እኮ! ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ገበያውንስ? ሸለቆውንስ?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ጀለሴ ያለኝስ? ጥርስ አወጣች ያለኝስ?»

መሰለች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ኑኃሚን የጮኸችው ያኔ ነው። «ሞቱስ የእግዚአብሔር ነው፣ ያንን ለምን ሰጠሽኝ?» እያለች ጮኸች። «መልሶልኛል ብዬ ስስቅ! ከሞተ በኋላ ስስቅ!» ማዕዛ በርግጋ ተነሳች። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ግቢውን ሞላው፤ ለካ ሁሉም ሲጠብቅ ኖሯል።

ድንኳኑ እንደገና ተተከለ፣ አሁን በራሷ ደጃፍ። ጥሩምባውም ከብብት ወጣ። የእድሩ ሽማግሌዎች መሰለችን ጥግ ወስደው «ምነው እመቤት፣ ቃላችንን አፈረስሽ?» ብለው ወቀሷት። የፈሩትም ደረሰ፤ የኑኃሚን ወተት ደረቀ። ማዕዛ በጡጦ የቆርቆሮ ወተት ጀመረች፤ ለሳምንት ያህልም ሆዷን ታመመች። ሠርካዲስ ጣሳውን ባየች ቁጥር ዓይኗን ወደ መሰለች ወርወር ታደርግና ትመልሳለች። መሰለች አልተከራከረችም። የሰፈሩ ሰው ልክ ነበር። እሷም ልክ ነበረች ብሎ የሚፈርድላት አልተገኘም፤ እሷም ራሷ ለራሷ አልፈረደችም። ጥቁሯን ለብሳ በገዛ ቤቷ ተቀመጠች።

ኑኃሚን ከዚያ በኋላ እናቷን ከልጅቷ ጉዳይ በቀር አታነጋግራትም። ውሃ አፍልተሽልኛል? ጡጦው ታጥቧል? በቃ፣ ይኸው ነው። ክርስትናው ያለ ድግስ፣ ልደታ ማርያም ወስደው አስጠምቀዋት በመመለስ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ኑኃሚን ብቻዋን ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ቁልፏን ተጫነቻት። ኑማ ይፋ ሆነች። ምንም የተሰማ ነገር የለም። ውጭ ታክሲው እንደ ወትሮው ይጣራል።

ከክርስትናው ሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ኑኃሚን መጥታ ስልኩን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችውና ለልጇ ጡጦ ልትሰጥ ሄደች። መሰለች መነጽሯን አድርጋ አየች። ገበያዋን ፈለገች፤ የለም። ዝናቡ ወደላይ የሚዘንብበትን ሸለቆ ፈለገች፤ ካርታው አለ፣ ጽሑፉ የለም። በማኑ ስም የጻፈችው ሁሉ ተጠርጎ ወጥቷል። ደግ አደረገች አለች በልቧ፤ ግን ከፋት፣ ለምን ይዋሻል። ያቺን ሸለቆ ትወዳት ነበር።

የሕጓ ገጽ ግን አለች። የማኑ ጅምርና የእሷ መጨረሻ እንደተያያዙ አሉ። ከሥር «ጸሐፊዎች» ይላል፤ ማኑ ሰላሁን፣ መሰለች ይርዳው። መሰለች ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ በታች የማታውቀው አንድ አንባቢ መልእክት ትቷል፦ «እንዴት ያለች ዓለም ናት! ማኑ ስለ ደቡቡ ደሴት መቼ ነው የሚጽፍልን?»

ቀና ስትል ኑኃሚን ጡጦውን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ታያታለች። ጥያቄውን ቀድማ አይታዋለች ማለት ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ መልሺለት» አለቻት።

መሰለች ስልኩን አቅርባ ያዘች። ያ ፈጣን ጣቷ ያን ቀን አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ ነበር የሚሄደው። «ማኑ ሞቷል። እኔ እናቱ ነኝ» ብላ ጻፈች፤ ላከችውም።